ቅዳሜ ቅዳሜ የሚነሣው ሞተር ሳይክል

እህቴ ከሞተች ከሦስት ወር በኋላ ጋራዧን ላስረክብ ገብቼ ሳጸዳ፣ ከመሣሪያ መደርደሪያው ጀርባ በሽቦ የታሰሩ ሁለት መቶ አሥራ አራት የካርቶን ቁራጮች አገኘሁ። ከቤታችን መዝገብ የምይዘው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርሁት ይህንኑ ነው፤ እንጀራዬም የአንድ ጤና ጣቢያ መዝገብ ቤት ነው። ካርቶኖቹን በቀን ቅደም ተከተል ለመደርደር አራት ቀን ፈጀብኝ፤ ቀን የጻፈችው በግማሾቹ ላይ ብቻ ነውና። የቀሩትን በእጅ ጽሑፏ፣ በእርሳሱ ዓይነትና በካርቶኑ ጀርባ በታተመው የሳሙና ወይም የብስኩት ምልክት ለየኋቸው። አሥራ አንዱ እስካሁን ቦታ አላገኙም።

በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ ሁለት መስመሮች ወደ ታች ተሰምረው ሦስት ዓምድ ሠርተዋል። ርእሶቹ አይለወጡም፤ «የሚያስቀር»፣ «የሚገድል»፣ «የማላውቀው»። አሮጌ ሞተር ሳይክል ሊገዛ የፈለገ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከመክፈሉ በፊት እርሷን ይዞ ይሄድ ነበር፤ እርሷም አይታ፣ አሽትታ፣ ዳስሳ የምትጽፈው ይህን ነው። መንገድ ላይ አቁሞ የሚያስቀረው ጉድለት በአንደኛው ዓምድ፣ ነጂውን ሊገድል የሚችለው በሁለተኛው፣ ሳይፈታ የማይታወቀው በሦስተኛው ይሰፍራል። «ግዛ» ወይም «ተው» ብላ አታውቅም። «እኔ ያየሁትን እነግርሃለሁ፤ የሚቀመጥበት ግን ያንተ ቂጥ ነው» ትል ነበር።

ስለ እርሷ አንድ ነገር ብቻ ተናገር ብባል የምናገረው የአንዱን ካርቶን ታሪክ ነው። እኔ የተሳሳትሁበት ስለሆነ በደንብ አስታውሰዋለሁ።

ሰው የሚያውቃት «እሜቴ ብሎን» በሚለው ስም ነበር። ስሙ የወጣላት ለፌዝ ነው። አባታችን የአንድ የትራንስፖርት ድርጅት ጋራዥ ዘበኛ ነበር፤ እርሱ ሲታመም በአሥራ ስድስት ዓመቷ በምትኩ በር ላይ ቆመች። ዓይኗ ግን ከበሩ ይልቅ ወደ ውስጥ ነበር። መካኒኮቹ ሊገላገሏት ፈልገው አንድ በርሜል ሙሉ የተደባለቀ ብሎን አመጡና «እስኪ ይህን በናፍጣ አጥበሽ በየቁጥሩ ለዪ» አሏት። በሳምንት ትታ ትሄዳለች ብለው ተወራርደው ነበር። በሦስት ሳምንት ጨርሳ «ሌላ በርሜል የለም?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ጨፍና ብሎን በጣቷ ዳስሳ ቁጥሩን ትናገር ጀመር። ሳቁ ቆመ፤ ስሙ ግን ቀረ። በሠላሳ ዓመቷ የራሷን ጋራዥ ስትከፍት በሩ ላይ በቀይ ቀለም ያጻፈችው ያንኑ ስም ነው።

እኔን ዩኒቨርሲቲ ያደረሰችኝም እርሷ ናት። ለአባባል ያህል አይደለም። ሻንጣዬን ከሞተር ሳይክሏ ኋላ አስራ፣ እኔን በሻንጣውና በጀርባዋ መካከል ሸጉጣ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ነድታ ግቢው በር ላይ አወረደችኝ። የራስ ቁሯን እንኳ ሳታወልቅ «በል እንግዲህ፣ አንተ ወረቀቱን ተማር፤ ብረቱን ለእኔ ተወው» ብላኝ ዞረች። ሥራ ከያዝሁ ጀምሮ የምትጠራኝ «መዝገቤ» እያለች ነበር።

የጤና ጣቢያችን አዋላጅ ከድልድዩ ማዶ ዳገቱ ላይ የሚኖሩ እናቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች የምታዋልድ ሴት ናት። ታክሲ ድልድዩ ላይ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ አርባ ደቂቃ በእግር ነው። የወሊድ መዝገቡን የምይዘው እኔ ስለሆንሁ «አዋላጇ የደረሰችበት ሰዓት» እና «ሕፃኑ የተወለደበት ሰዓት» የሚሉትን ዓምዶች በየቀኑ አያለሁ። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሕፃኑ ቀደማት። በሦስተኛው ጊዜ የእናትየዋ ደም አልቆም ብሎ በቃሬዛ አውርደዋት በመከራ ተረፈች። ያን ቀን አዋላጇ መዝገቡን ልትፈርም መጥታ ሳትፈርም እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠች።

«ሞተር እገዛለሁ» አለችኝ።

«መንዳት ትችያለሽ እንዴ?»

«አጎቴ ጋር ተምሬያለሁ፤ መንጃ ፈቃድም አለኝ። የሌለኝ ሞተሩ ነው። ያጠራቀምሁት ለአሮጌ እንጂ ለአዲስ አይበቃም። ከተታለልሁ ደግሞ ሁለተኛ ዕድል የለኝም።»

በዚያው ሳምንት አንድ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ሞተር ሳይክላቸውን ሊሸጡ እንደሆነ ሰማሁና ቀድሜ ሄጄ አየሁት። ዕድሜው አሥራ ሁለት ዓመት፣ የሄደው ግን አራት ሺህ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ይህን ሲሰማ ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው አንድ ነገር ነው፤ ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሶ ይሆናል። እኔም ጠረጠርሁ። መምህሩ ግን ወደ ውስጥ ገብተው አንድ ወፍራም ደብተር አመጡ። የመጀመሪያውን ዓመት በሞተር ሳይክሉ ትምህርት ቤት ይመላለሱ ነበር። ከዚያ ጉልበታቸውን ታመሙና መንዳት እየተዉ መጡ፤ ነገር ግን እንዳይበላሽ ብለው በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት አስነሥተው አምስት ደቂቃ ያቆዩታል፣ ይወለውሉታል፣ ያለብሱታል። ይህን ሁሉ ጽፈውታል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የቆጣሪው ቁጥር፣ «ተነሣ»፣ ፊርማ።

ደብተሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከቆጣሪው ጋር አመሳከርሁ። አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይዛነፍም። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ ገጥሞኝ አያውቅም። በነጋታው ለአዋላጇ «ቆጣሪው አልተነካም፤ ዋስ እሆናለሁ። ግዢው» አልኋት።

ልትከፍል ተነሥታ ነበር። «እሜቴ ሳታየው ግን ልቤ አይሞላም» አለች። ትንሽ ቅር አለኝ፤ እህቴን ይዤላት ሄድሁ።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ይሆናል። የመምህሩ ግቢ እንደ ደብተራቸው ነው፤ የአበባ ማሰሮዎቹ በመስመር ተደርድረዋል፣ በረንዳው ግድግዳ ላይ ጥጉ የተቀደደ የዓለም ካርታ ተሰቅሏል። ሞተር ሳይክሉ አበባ ያለበት አንሶላ ለብሶ ቆሟል። መምህሩ አንሶላውን ሲገፉት ቀይ ቀለሙ ዓይን ይወጋል። አዋላጇ ሳታስበው እጇን አፏ ላይ አደረገች።

እህቴ ሰላምታ ሰጥታ ጎንበስ አለችና መዳፏን ሞተሩ ላይ አሳረፈች። ወዲያው ቀና ብላ የመሣሪያ ቦርሳዋን አነሣች።

«እንሂድ» አለች።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አሉ መምህሩ።

«ሞተሩ ሞቋል፣ መምህር። እኔ አሙቀው የጠበቁኝን አላይም። ቀዝቅዞ ሲነሣ ነው አመሉ የሚታወቀው፤ አስቀድሞ ያሞቀ ሻጭ የሚደብቀው አለው።»

«የምደብቀው? እኔ?» አሉ መምህሩ። «ቅዳሜ ስለሆነ ነው ያስነሣሁት!»

«ቅዳሜና ሞተር ምን አገናኛቸው?»

ይህን ጊዜ ነው ደረቴን ነፍቼ የገባሁት። «እትዬ፣ እውነታቸውን ነው። ዛሬም ጽፈውታል። ይኸው ደብተሩ።»

እህቴ የያዘችውን ነጭ ጨርቅ አውጥታ እጇን ጠረገች፤ የሰው ደብተር በዘይት እጅ አትነካም። ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ማንበብ ጀመረች። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት፤ ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቷ መስመሩን ይከተላል። እኔ እራሴ የጻፍሁት ይመስል ከጎኗ ቆሜ ምስጋና እጠብቃለሁ።

«መዝገቤ፣ ስንት ቅዳሜ ነው?» አለች።

«አምስት መቶ ሰባ አንድ» አልሁ። ቆጥሬው ነበር።

«ስንቱን ቀን ተነዳ?»

ይህን አልቆጠርሁም። አብረን ቆጠርን፤ አሥራ ዘጠኝ። ባለፉት ስድስት ዓመታት አንድም ቀን ከበሩ አልወጣም።

«ዘይቱስ መቼ ነው የተቀየረ፣ መምህር?»

መምህሩ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁት የኖሩ መሰሉ። «መመሪያው በየሦስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይላል። ሦስት ሺህ ሲሞላ ቀይሬያለሁ። ስድስት ሺህ ገና አልደረሰም።»

እኔም ያሰላሁት ልክ እንደዚሁ ነበር። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ መልሼ ሳያት ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። ዘይቱ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው ማለት ነው። ሁለታችን የተማርን ሰዎች ኪሎ ሜትሩን ስንቆጥር ዓመቱን የቆጠረው የለም።

ተነሥታ የዘይት መክደኛውን ፈታች፤ ገልብጣ አሳየችን። ከውስጥ እንደ ወተት እርጎ የነጣ ነገር ለብሷል።

«ውሃ ነው» አለች። «አምስት ደቂቃ ሞተሩን ለብ ያደርገዋል እንጂ አያሞቀውም። እንፋሎቱ ሳይወጣ ሞተሩ ይጠፋና እዚያው ውሃ ሆኖ ይቀራል። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ።» የጭስ መውጫውን ማርሚታ በጣቷ አንኳኳች፤ ከውስጡ የዝገት ቅርፊት ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። እጀታ ያላትን ትንሽ መስታወትና የእጅ ባትሪ ይዛ የነዳጅ ታንከሩን አየች፤ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

መምህሩ ሆድ ባሳቸው። «አሥራ አንድ ዓመት!» አሉ። «የወለድሁትን ልጅ እንኳ እንዲህ አልጠበቅሁትም። አሁን እኔ ነኝ ያበላሸሁት ልትይኝ ነው?»

እህቴ መሬት ላይ እንደተቀመጠች ሽቅብ አየቻቸው። «መምህር፣ ወደዱት እንጂ አልበደሉትም። ግን እስኪ ይንገሩኝ፤ አንድ ተማሪ በየሳምንቱ እየመጣ፣ ስሙ እየተጠራ፣ አቤት እያለ ወደ ቤቱ ቢመለስ፣ በአሥራ አንደኛው ዓመት ምን ያውቃል?»

መምህሩ «አንድም ቀን አልቀረም፣ አንድም ነገር አያውቅም» አሉና ሳይወዱ ሳቁ።

በዚህ መሐል የግቢው በር ተንኳኳ። የሰፈሩ ሞተር ሳይክል ደላላ ነው። እህቴን ሲያይ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ።

«ወይ ጉዴ! እሜቴ ብሎን ቀድማኛለች! መምህር፣ ይህች ሴት እኮ የአራስ ልጅ ጥርስ የምትቆጥር ናት!»

«አንተ ደግሞ ጥርስ የሌለውን ነካሽ ነው ብለህ የምትሸጥ» አለችው።

«እኔ አልፈታ፣ አላስፈታ። መምህር፣ እንዳለ እወስደዋለሁ፤ አሁኑኑ። ይህ ቀለም ብቻውን ያሸጠዋል።»

አዋላጇ ደነገጠች። እጄን ይዛ «ቢቀድመኝስ?» አለችኝ በሹክሹክታ። የሰማቻት እህቴ ናት።

«ተረጋጊ፣ እህቴ» አለቻት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ነይ አጠገቤ ተቀመጪ።»

ከቦርሳዋ የብስኩት ካርቶን ቁራጭ አወጣች፤ ሁለት መስመር ወደ ታች አሰመረች። እየጻፈች ጮክ ብላ ተናገረች፤ መምህሩም ደላላውም እንዲሰሙ። የሚያስቀር፦ ዝገቱ ከታንከሩ ወርዶ ካርቡራተሩን ይደፍነዋል፤ ባትሪው ሞቷል፤ ካቴናው ደርቋል። የሚገድል፦ ጎማዎቹ ጥርሳቸው እንደ አዲስ ነው፤ ጎናቸው ላይ የታተመው ቁጥር ግን አሥራ ሁለት ዓመት ይላል፤ ጎንበስ ብለሽ እይው፣ ተሰነጣጥቋል፤ ዳገት ላይ እርጥብ ድንጋይ ሲነካ አይዝልሽም። የፊት ፍሬን፤ ዘይቱ ጠቁሯል፣ ጎማውን ሳሽከረክረው እየተጎተተ ነው፣ ለምን እንደሆነ ገና አላወቅሁም።

ሦስተኛው ዓምድ ላይ ስትደርስ እርሳሷን አቆመች። «እዚህ ላይ ነው ጭንቁ» አለች። «የሲሊንደሩ ግድግዳ ዝጎ ይሆናል፤ ላይዝግም ይችላል። ዘይት እንዳያፈስ የሚያደርጉት የውስጥ ጎሚኒዎች ደርቀው ይሆናል። ለዚህ ዓይነት ሞተር ዕቃው እየጠፋ ነው። ሲሊንደሩ ከተበላ የገዛሽው ቀይ ቀለም ያለው ቁራጭ ብረት ነው። ካልተበላ ደግሞ ማንም ያልደከመበት፣ ውስጡ አዲስ የሆነ ሞተር ነው። የቱ እንደሆነ ሳልፈታ አላውቅም። የምፈታው ደግሞ ከገዛሽ በኋላ ነው፤ የሰው ንብረት አይፈታም።»

አዋላጇ ካርቶኑን ተቀበለች። ዓይኗ ከሦስተኛው ዓምድ አልተነቀለም። ሙያዋም ይመስለኛል፤ የማይታወቀውን ነገር እንደማይታወቅ የሚነግራትን ሰው ታከብራለች። «ካልታወቀ አልገዛም» አለች በመጨረሻ። እንባዋ ቀርቧል። «ለእኔ ብቻ ቢሆን እደፍር ነበር።»

ደላላው ቦርሳውን ከፈተ። «እንግዲህ መምህር፣ ገበያው የኔ ሆነ።»

መምህሩ ደላላውን አዩት፤ አዋላጇን አዩ፤ ሞተር ሳይክሉን ረጅም ጊዜ አዩት። «አንተ ለማን ትሸጠዋለህ?» ብለው ጠየቁት።

«ለመጣው!»

«ይህ ሁሉ እንዳለበት ትነግረዋለህ?»

«መምህር ደግሞ! እኔ እኮ ደላላ ነኝ፣ ነቢይ አይደለሁም።»

መምህሩ ወደ እህቴ ዞሩ። «ፍቺው» አሏት።

«ሳይሸጥ? ሲሊንደሩ ተበልቶ ከተገኘ ከዚህ በኋላ ማንም አይገዛዎትም።»

«ፍቺው አልሁሽ። ፈተና ሳይታረም ውጤት አልሰጥም።» አበባ ያለበትን አንሶላ ራሳቸው መሬት ላይ ዘረጉላት።

ደላላው «ጤና ይስጥልኝ፣ የዕብድ ግቢ!» ብሎ ወጣ።

በሃያ አምስት ዓመት ሥራዋ ሻጭ ንብረቱን አስፈትቶ ሲያሳያት የመጀመሪያዋ ነበር። ያን ቀን ደግሞ እህቴን ሥራ ላይ እያየሁ ከጎኗ ተቀምጬ ዋልሁ፤ ለካ ከዚያ በፊት ስትሠራ ያየኋት በልጅነቴ ኖሯል። የፈታችውን ብሎን ሁሉ አንሶላው ላይ በወጣበት ቅደም ተከተል፣ ከግራ ወደ ቀኝ ትደረድራለች። አንድም ቃል አልተጻፈበትም እንጂ መዝገብ ነበር። ከብሎኖቹ አንዱን አንሥቼ ላየው ስል እጄን መታችኝ። «ቦታው መልስ! ፋይል ስትወስድብኝ ዝም እላለሁ ብለህ ነው?»

ወደ ስምንት ሰዓት ግድም የሲሊንደሩ ክዳን ተነሣ። ባትሪዋን አብርታ ወደ ውስጥ አየች፤ ጣቷን አስገብታ በዝግታ ዙሪያውን ዳሰሰች። ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና አለፈ።

«አንድ ቀለበት የምታህል ዝገት አለች» አለች። «ላይ ላዩን ናት፤ ጥፍሬ አልያዛትም። ትጠረጋለች። ይድናል።»

መምህሩ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። አዋላጇ ግን አልሳቀችም። «ፍሬኑስ?» አለች።

እህቴ ዘይቱ የሚያልፍበትን የፊት ፍሬን ቱቦ ፈታ አወጣችና ጫፉን ጠርጋ ለእኔ ሰጠችኝ። «ንፋ» አለች።

ነፋሁ። ጉንጬ እስኪያብጥ ነፋሁ፤ አየር አላለፈም። ቱቦው ከውጭ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ከውስጥ ግን አብጦ ተደፍኗል። እህቴ ለአዋላጇ አስረዳቻት፤ ስትይዢው ይይዛል፣ ስትለቂው አይለቅም፤ ቁልቁለት ላይ ሲግል የፊት ጎማው በራሱ ጊዜ ይቆልፍና አሽቀንጥሮ ይጥልሻል። እኔ ቱቦውን እንደያዝሁ «ዋስ እሆናለሁ፤ ግዢው» ያልሁትን አስታወስሁ። አዋላጇም ያስታወሰች ይመስለኛል፤ ሁለቱም ግን አልወቀሱኝም። እህቴ ቱቦውን ከእጄ ተቀብላ ለሁለት ቆረጠችው፤ ማንም አንሥቶ እንዳይገጥመው ነው።

አዋላጇ በዚያው ቀን ገዛችው። መምህሩ ማንም ሳይጠይቃቸው ከዋጋው ቀነሱ። ሞተር ሳይክሉ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ጋራዡ ሄደ፤ እህቴ «አንድ ሜትር እንኳ አይነዳም» ስላለች ነው።

ሦስት ሳምንት ሠራችው። ጎማዎቹ፣ ቱቦዎቹ፣ ጎሚኒዎቹ ሁሉ ተለወጡ፤ ታንከሩን በጠጠር አንቃጭላ አጠበችው። አዋላጇ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ካንዴላ መፍታትና ካቴና ማጥበቅ ተማረች። መምህሩ እንደ ልማዳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። ሲያልቅ እህቴ ራሷ ዳገቱን ሠላሳ ጊዜ ወጥታ ወረደች። ሲደርቅ አሥራ አምስት፣ ሲዘንብ ደግሞ አሥራ አምስት። ዝናቡን አራት ቀን ጠብቃለች።

ልታስረክባት በቀጠረችበት ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ አዋላጇ የጎማ ንፋስ እየለካች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ከዳገቱ ነው። የመጀመሪያ ልጅ፣ ምጡ ፈጥኗል። አዋላጇ ስልኩን ዘግታ እህቴን አየቻት። እህቴ የፊት ጎማውን በእጇ አሽከረከረች፤ ያለ ድምፅ ዞረ። ፍሬኑን ያዘች፤ ቀጥ አለ። ለቀቀች፤ ዞረ።

«ስትመለሺ በሁለተኛ ማርሽ ውረጂ» አለቻት። «ሂጂ።»

ጠበቅን። መምህሩ ጋዜጣ ዘርግተው አንድ ገጽ እንኳ አልገለጡም። እህቴ ሌላ ሰው ያመጣውን ሞተር ፈታች፣ ገጠመች፤ መልሳ ያንኑ ፈታች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ድምፁ ከድልድዩ በኩል መጣ፤ ከእኔ በፊት እርሷ ሰምታው ተነሥታለች። አዋላጇ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሳ በሩ ላይ ቆመች፤ የራስ ቁሯን ስታወልቅ ፊቷ በርቷል።

«ፍሬኑስ?» አለች እህቴ።

«ያዘ፤ ለቀቀም።»

«እናትየዋስ?»

«ሁለቱም ደኅና ናቸው። ሴት ልጅ። ሃያ ደቂቃ ቀድሜ ደረስሁ።»

እህቴ ጎንበስ ብላ ከፊት ጎማው ላይ ጭቃውን በመዳፏ ጠረገችና መምህሩን ጠራቻቸው። «ይምጡ መምህር፣ ልጅዎ ዛሬ ተምሮ መጥቷል።»